ካርታችሁ የሚያበቃው በየትኛው ቀን ነው? በዋሽንግተን ዙሪያ ለሚበሩ የግል አብራሪዎች ማሳሰቢያ

ይህ ማሳሰቢያ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ትንንሽ ኤርፖርቶች በረራ ለሚማሩ ወይም የግል አብራሪነት ፈቃዳቸውን በቅርቡ ለያዙ አማርኛ አንባቢዎች የተጻፈ ነው። አዲስ አብራሪ ገንዘቡን መጀመሪያ የሚያፈሰው በጆሮ ማዳመጫና በታብሌት ላይ ነው። ካርታ ትዝ የሚለው ከዚያ በኋላ ነው፤ ያውም «የትኛው አፕሊኬሽን ይሻላል?» በሚል ጥያቄ። ጥያቄው ክፋት የለውም፤ ተራው ግን ሁለተኛ ነው። አስቀድሞ መታወቅ ያለበት በየት በኩልና በየትኛው ቀን እንደሚበረር ነው። የካርታው ዓይነት የሚወሰነው በመንገዱ ነው፣ ካርታው ማገልገሉና አለማገልገሉ ደግሞ በቀኑ። ወረቀት ይሁን ስክሪን የሚለው ክርክር ከሁለቱ በኋላ ይደርሳል።

ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ቀናትና ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ ካርታዎቹም የሚያውቁት እሱን ብቻ ነው።

ስህተቱ በእኔ ላይ ብቻ ይቀራል ብላችሁ አትነሱ።

በሜይ 11 ቀን 2005 ሁለት ሰው የያዘች አንዲት ሴስና 150 ከፔንሲልቬንያዋ ስሞክታውን ተነስታ ወደ ሰሜን ካሮላይና ስትጓዝ መንገድ ስታ ዋሽንግተን ላይ ከተከለከለው የአየር ክልል ገባች። ኋይት ሐውስና ካፒቶል ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ እየሮጠ እንዲወጣ ተደረገ። ኤፍ-16 ተዋጊ ጄቶችና ብላክ ሆክ ሄሊኮፕተር ተላኩ፤ አውሮፕላኗም ታጅባ ሜሪላንድ ውስጥ ፍሬድሪክ አረፈች። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር (ኤፍኤኤ) በኋላ የዋናውን አብራሪ ፈቃድ ሲሰርዝ ካቀረባቸው ጥፋቶች መካከል ከመነሳቱ በፊት የአየር ጠባዩንና ለአብራሪዎች የሚወጡትን ማስታወቂያዎች አለማየቱ ይገኝበታል። መሬት ላይ ሳለ ሊያነባቸው ይችል የነበሩ ጥቂት ገጾች የአንድን ዋና ከተማ እኩለ ቀን አተራመሱ።

ቀኑን ሳታዩ ካርታ አትግዙ፣ አትዋሱ፣ አትክፈቱ።

በዓይን ለሚደረግ በረራ ማለትም ለቪኤፍአር የሚያገለግሉት የኤፍኤኤ ካርታዎች ከፌብሩዋሪ 2021 ወዲህ በየ56 ቀኑ ይታደሳሉ። ከዚያ በፊት አብዛኞቹ በየስድስት ወሩ ነበር የሚታተሙት፤ ስለዚህ ቀድሞ የተማረ ሰው «ሴክሽናል እኮ ግማሽ ዓመት ይሠራል» ቢላችሁ ያወቀውን ነው የነገራችሁ፤ እናንተ ግን አትስሙት። በካርታው ፊት ላይ የሚጀምርበትም የሚያበቃበትም ቀን ተጽፏል። አዲሱ እትም ሥራ ላይ የሚውለው በዓለም አቀፉ ሰዓት 09፡01 ላይ ነው፤ አብራሪዎች «ዙሉ» የሚሉት ሰዓት ነው። ይህ ለዋሽንግተን ነዋሪ በበጋ ከጠዋቱ 5፡01፣ በክረምት 4፡01 ይሆናል። እንደ እኛ አቆጣጠር ደግሞ ሌሊት 11 ወይም 10 ሰዓት ማለት ነው። ሦስት የሰዓት አቆጣጠር በጭንቅላቱ ይዞ የሚዞር ሰው አንዱን ከአንዱ እንዳያምታታ በበረራ ዕቅዱ ላይ ዙሉን ብቻ ይጻፍ።

በ56 ቀን ውስጥ ምን ይለወጣል? ተራራው ከቦታው አይንቀሳቀስም፤ የሰው ሥራ ግን ይለዋወጣል። የመገናኛ ሞገዶች ይቀየራሉ፣ አዲስ የስልክ ማማ ይተከላል፣ የአየር ክልል ወሰን ይሰፋል ወይም ይጠባል። ኤፍኤኤ ቪኦአር የሚባሉትን የመሬት ላይ የአቅጣጫ ጣቢያዎች ለዓመታት እየቀነሰ ስለመጣ፣ ቀድሞ አቅጣጫ ታገኙበት የነበረው ጣቢያ ዛሬ ጭራሽ ላይኖር ይችላል። ከዋሽንግተን በስተደቡብ የነበረው ሃይድ ፊልድ ኤርፖርት በ2022 ተዘግቷል። በአሮጌ ካርታ ላይ ግን ዛሬም ለማረፊያ የተዘጋጀ ይመስላል።

አንድ የሕግ ነጥብ ሳልጠቅስ አላልፍም፤ ብዙ ጊዜ በተሳሳተ መንገድ ይወራልና። በትንሽ የግል አውሮፕላን በዓይን የሚበር ሰው ካርታ መያዝ አለበት የሚል ቀጥተኛ ደንብ የለም። ይህን የሰማ ሁሉ ደስ ይለዋል። ነገር ግን የኤፍኤኤ ደንብ ክፍል 91.103 አብራሪው ከመነሳቱ በፊት በረራውን የሚመለከት ሊገኝ የሚችል መረጃ ሁሉ እንዲያውቅ ያዛል። «ሁሉ» የሚለው ቃል ሰፊ ነው። ችግር ሲፈጠር መርማሪው የሚጠይቃችሁ ካርታ ይዛችሁ እንደነበር ብቻ ሳይሆን ካርታው የመቼ እንደነበር ጭምር ነው።

መንገዱን ከጠረጴዛ ላይ ዘርጉና ካርታውን ምረጡ።

መሠረቱ ሴክሽናል የሚባለው ነው። መስፈርቱ 1 ለ500,000 ሲሆን በካርታው ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር በመሬት 5 ኪሎ ሜትር ነው። «ዋሽንግተን» የሚለው ሴክሽናል አብዛኛውን ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ይሸፍናል። ወደ ምዕራብ ቨርጂኒያዋ ቻርልስተን የምትሄዱ ከሆነ ግን «ሲንሲናቲ» የሚለው ያስፈልጋችኋል፤ ወደ ሰሜን ወደ ስክራንተን ከሆነ «ኒውዮርክ»። መንገዳችሁ ከካርታው ጠርዝ አጠገብ የሚያልፍ ከሆነ ጎረቤቱን ካርታም ያዙ። ደመና ከመንገድ ሲያስወጣችሁ ወደየት እንደሚያስወጣችሁ አስቀድሞ አይነግራችሁም።

ባልቲሞር-ዋሽንግተን የሚል ርዕስ ያለው የተርሚናል ካርታ ደግሞ መስፈርቱ 1 ለ250,000 ስለሆነ ዝርዝሩ እጥፍ ጎልቶ ይታያል። ሬገን፣ ደለስና ባልቲሞር ኤርፖርቶች ተጠጋግተው ያሉበት ሰማይ በሴክሽናሉ ላይ የተደራረበ የሰማያዊ መስመር ክምር ነው፤ የትኛው ከፍታ የየትኛው ቀለበት እንደሆነ ለመለየት ዓይን ይደክማል። በዚህ አካባቢ የምትበሩ ከሆነ ይህን ካርታ ተጨማሪ ዕቃ አታድርጉት። በእኔ እምነት ከሁለቱ አንዱን ብቻ ግዙ ቢባል ለጋይተርስበርግ ወይም ለሊስበርግ ተማሪ መጀመሪያ የሚገዛው ይህኛው ነው። በጀርባው ያለው የፍላይዌይ ካርታ ለማቀድ እንጂ ለመምራት የተሠራ አይደለም፤ በላዩ ላይም ይህንኑ ጽፎታል።

ርቀት መለኪያዋን ፕላስቲክ ማስመሪያም ተጠንቀቁባት። ብዙዎቹ 1 ለ1,000,000 የሆነው የቀድሞው የዓለም ካርታ መለኪያ አሁንም አለባቸው። ካርታው ከቀረ ዓመታት አልፈዋል፤ መለኪያው ግን ማስመሪያው ላይ ቀርቷል። በተሳሳተው ጎን የለካ ሰው መንገዱን እጥፍ ያረዝመዋል። በተርሚናል ካርታ ላይ የሴክሽናሉን ጎን የተጠቀመም እንዲሁ። ኖቲካል ማይልን ከተራው ማይል አለመለየት ደግሞ ሌላ ነው፦ ርቀቱን በኖቲካል፣ የእይታን መጠን በተራው ማይል ትሰማላችሁ።

በካርታው ላይ ያለውን ትልቅ ቁጥር የደኅንነት ከፍታ አታድርጉት።

ሴክሽናሉ ላይ በእያንዳንዱ አራት ማዕዘን ውስጥ ጎላ ብሎ የታተመ ቁጥር አለ፤ ከጎኑ ትንሽ ቁጥር ይከተለዋል። 4 እና ትንሽ 3 ካያችሁ 4,300 ጫማ ማለት ነው። ጀማሪ ይህን ቁጥር እያየ «ከዚህ በላይ ከሆንኩ ምንም አያገኘኝም» ይላል። ቁጥሩ ግን በዚያ ማዕዘን ውስጥ ካሉት ከታወቁት መሬትና ማማዎች የረጅሙ ቁመት በጥቂቱ ወደ ላይ ተጠጋግቶ የተጻፈ ነው። በዚያ ከፍታ ላይ በልኩ ብትበሩ በእናንተና በማማው ጫፍ መካከል የሚቀረው ክፍተት ኢምንት ነው። የራሳችሁን ቢያንስ 1,000 ጫማ ጨምሩ፤ በብሉ ሪጅ ተራሮች ላይ ነፋስ ባለበት ቀን ደግሞ ከዚያም በላይ። ከ200 ጫማ የሚያንሱ ማማዎች በአብዛኛው በካርታው ላይ የሉም፤ ትናንት የቆመ የግንባታ ክሬንም የለም።

የዋሽንግተንን ሠላሳ ማይል ክብ ካርታው ላይ በማየት ብቻ አትግቡበት።

ልዩ የበረራ ደንብ ክልል የሚባለው ይህ ክብ በሬገን ኤርፖርት ካለው ቪኦአር ዙሪያ 30 ኖቲካል ማይል ይሰፋል፤ ከመሬት እስከ 18,000 ጫማ ይደርሳል። ከሴፕቴምበር 2001 ጥቃት በኋላ በጊዜያዊነት የመጡት ገደቦች በ2009 ቋሚ ደንብ ሆነዋል። ወደ ክቡ ለመግባት አስቀድሞ የክልሉን የበረራ ዕቅድ ማስገባት፣ የአካባቢውን አየር ከሚቆጣጠረው ከፖቶማክ አፕሮች ጋር መነጋገር፣ የተሰጣችሁን የትራንስፖንደር ኮድ ማብራት ይጠይቃል። 1200 የሚለውን ተራ ኮድ እዚህ ውስጥ አብርታችሁ አትገኙ። በውስጡ ደግሞ ይበልጥ የጠበቀው ክልል አለ፤ አስቀድሞ ማጣሪያ አልፎ ልዩ ፈቃድ ያላገኘ የግል አብራሪ ጨርሶ አይገባበትም። በዓለም ላይ ሳይቋረጥ ሲያገለግል በመኖር ቀዳሚ የሚባለው፣ በ1909 ዊልበር ራይት ወታደሮችን ያሠለጠነበት የኮሌጅ ፓርክ ኤርፖርት የሚገኘው በዚህ ክልል ውስጥ ነው። ሊያዩት የሚጓጉ ብዙ ናቸው፤ እዚያ ያለው ሙዚየም በመኪና ይደረሳል።

ሁለት ነገር ብዙ ሰው ይስታል። አንደኛ፣ ግዴታው በ30 ማይል አያበቃም፤ በ60 ኖቲካል ማይል ክብ ውስጥ በዓይን የሚበር ዋና አብራሪ የኤፍኤኤን ልዩ የግንዛቤ ሥልጠና መውሰድ አለበት። ሥልጠናው በኢንተርኔት ይሰጣል፣ ክፍያ የለውም፣ የማጠናቀቂያ ወረቀቱ ሲጠየቅ መታየት አለበት። ሁለተኛ፣ የክልሉ የበረራ ዕቅድ የፍለጋና የነፍስ አድን አገልግሎት አይሰጥም። አለመድረሳችሁ ታውቆ እንድትፈለጉ ከፈለጋችሁ ተራውን የበረራ ዕቅድም ለይታችሁ ማስገባት ይኖርባችኋል።

ካርታው የማያውቀውን ጠይቁ።

የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ማረፊያ የሆነው ካምፕ ዴቪድ ከፍሬድሪክ ብዙም አይርቅም። በካርታው ላይ ፒ-40 ተብሎ ትንሽ ክብ ተሠርቶለታል። ፕሬዚዳንቱ ለእረፍት ሲመጣ ክልከላው ከክቡ ወጥቶ ይሰፋል፤ ይህን የምታውቁት ኖታም ማለትም ለአብራሪዎች የሚወጣውን ማስታወቂያ ካነበባችሁ ብቻ ነው። ካርታው የሚያሳየው ሕትመቱ በተዘጋበት ቀን የነበረውን ሰማይ ነው። የዛሬውን ሰማይ የሚያሳየው ኖታም ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ያላነበበ ሰው አንዱንም አላነበበም።

ለስታዲየሞች ያለው ክልከላ ደግሞ ከሁሉም ተንኮለኛው ነው። 30,000 እና ከዚያ በላይ ወንበር ባለው ስታዲየም የትልቁ ሊግ ቤዝቦል፣ የኤንኤፍኤል ወይም የዋናው የዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ እግር ኳስ ጨዋታ ሲኖር፣ ከመጀመሩ ከአንድ ሰዓት በፊት አንስቶ ካበቃ አንድ ሰዓት እስኪያልፍ በ3 ኖቲካል ማይል ዙሪያ፣ ከመሬት እስከ 3,000 ጫማ ያለፈቃድ መብረር ክልክል ነው። ማስታወቂያው ቋሚ ስለሆነ በየጨዋታው አዲስ አይወጣም፤ የጨዋታውን ሰዓት የምታውቁት ራሳችሁ ናችሁ። በባልቲሞር በኩል የምታልፉ ከሆነ የከተማዋን ቡድኖች የኦሪዮልስንና የሬቨንስን መርሐ ግብር ማየት የስፖርት ወዳጅነት ጉዳይ አይደለም።

በጃንዋሪ 11 ቀን 2023 የኖታም ሥርዓቱ ተበላሽቶ የአገሪቱ በረራዎች ከአንድ ሰዓት በላይ እንዳይነሱ በኤፍኤኤ ታግደው ነበር። ትልልቆቹ አየር መንገዶች ያለ እሱ እንዳይነሱ ከተደረጉ የአራት ወንበር ሴስና ባለቤት ምን ብሎ ይዘለዋል?

የኤርፖርቱን ጠባይ ከካርታው ሳይሆን ከመጽሐፉ አንብቡ።

እስከ 2016 ድረስ የኤርፖርቶች ማውጫ ይባል የነበረው አረንጓዴ መጽሐፍ ዛሬ ቻርት ሰፕልመንት ነው። እሱም በየ56 ቀኑ ይወጣል፤ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ በሰሜን ምሥራቅ ጥራዝ ውስጥ ናቸው። ተማሪዎች ሲንቁት አያለሁ፤ ጽሑፉ በአሕጽሮት የታጨቀ ስለሆነ አልፈርድባቸውም። ነገር ግን ነዳጅ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቀዳ፣ የመቆጣጠሪያ ማማው መቼ እንደሚዘጋ፣ በየትኛው መንደርደሪያ ላይ ወደ ቀኝ እየታጠፉ እንደሚዞሩ፣ በሜዳው ጫፍ አጋዘን እንደሚወጣ፣ ከጎረቤት ቤቶች ላይ እንዳትበሩ መለመኑን የምታገኙት እዚያ ነው። የመጨረሻው ከሕግ ይልቅ የጉርብትና ጉዳይ ነው። በአሜሪካ ትንንሽ ኤርፖርቶች ይዘጉ ሲባል ከሚነሱት ምክንያቶች አንዱ የድምፅ ቅሬታ መሆኑን አትርሱ።

ለአፕሊኬሽኑ ትከፍላላችሁ እንጂ በውስጡ ላለው ካርታ አትከፍሉም።

ኤፍኤኤ ሴክሽናሉንም፣ ተርሚናሉንም፣ ሰፕልመንቱንም በድረ ገጹ በነፃ ያስቀምጣል። ፎርፍላይት ወይም ጋርሚን ፓይለት የሚያስከፍላችሁ ቦታችሁን በካርታው ላይ እያንቀሳቀሰ ስላሳያችሁ፣ የአየር ጠባዩን ስለደረበላችሁ፣ ዕቅዱን ስላስገባላችሁ ነው። ዋጋው ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። ሆኖም ዓመታዊ ክፍያውን መክፈል ማለት ካርታው ታድሷል ማለት አይደለም፤ አዲሱ እትም መውረዱን የምታረጋግጡት እናንተ ናችሁ። ማታ በቤታችሁ ዋይፋይ አውርዱ። ከዚያ ኢንተርኔቱን ዘግታችሁ ካርታው መከፈቱን ፈትሹ።

አይፓድ ስትገዙ ሲም የሚወስደውን ግዙ። ዋይፋይ ብቻ ያለው ዓይነት በውስጡ ጂፒኤስ ስለሌለው ውጫዊ መቀበያ ካልተጨመረለት አየር ላይ የት እንዳላችሁ አያውቅም። ከ35 ዲግሪ በላይ ሙቀት ላይ እንዲሠራ አልተሠራም፤ በጁላይ ቀትር በሴስና መስታወት ሥር ራሱን ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ ያው አፕሊኬሽን ያለው ስልክ በኪስ፣ ወይም የተርሚናሉን ወረቀት ካርታ በጉልበት ላይ ያዙ። በአውሮፕላኑ ዳሽቦርድ ላይ ያለው ጂፒኤስም ሲበራ የመረጃ ቋቱ የሚያበቃበትን ቀን ያሳያል። «እሺ» የሚለውን ከመጫናችሁ በፊት ያንን መስመር አንብቡ።

መጽሐፍ ላይ ገንዘብ አትበትኑ።

የአብራሪው የአቪዬሽን ዕውቀት መጽሐፍና የካርታ ተጠቃሚዎች መመሪያ ከኤፍኤኤ በነፃ ይወርዳሉ። የካርታ መመሪያውን በእርግጥ ማንበብ ያስፈልጋል፤ ምልክቶቹን በግምት የሚተረጉም አብራሪ ብዙ ነው። ደንቦቹንና የአብራሪዎችን መረጃ መመሪያ አጣምሮ የያዘውን ወፍራም መጽሐፍ በየዓመቱ አዲሱን ግዙ፤ ወይም ከኢንተርኔት አንብቡ። የጄፕሰን ካርታዎችን አሁን አትግዙ። የፖስታ አብራሪ የነበረው ኤልሪ ጄፕሰን በ1934 ማስታወሻ ደብተሩን በ10 ዶላር መሸጥ ከጀመረ ወዲህ ሥራው ትልቅ ደረጃ ደርሷል፤ ነገር ግን ጥቅሙ ጎልቶ የሚወጣው በመሣሪያ ለሚበሩ ነው። የመሣሪያ ፈቃድ ስትጀምሩ ትደርሱበታላችሁ።

የአውሮፕላኑ መመሪያ ግን የአውሮፕላኑ የራሱ ይሁን። ከሱቅ የተገዛ የሴስና 172 መጽሐፍ ለማጥናት ይጠቅማል፤ እናንተ ለተከራያችኋት ግን ላይሆን ይችላል። የቆዩት ሴስናዎች ፍጥነታቸውን በማይል በሰዓት፣ አዲሶቹ በኖት ያሳያሉ፤ የማረፊያ ፍጥነት በዚህ መካከል ሲምታታ አያስቅም።

አገር ቤት ሄጄ እበራለሁ የሚል ካለ የአሜሪካው ካርታም ልማድም እዚያ አይሠራም። የኢትዮጵያ የአየር ክልል መረጃ የሚወጣው ከኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው፤ ጥያቄውም ከዚያ ይጀምራል።

የተከራያችሁት አውሮፕላን ውስጥ አሮጌ ካርታ ትታችሁ አትውረዱ።

ከወንበር ጀርባ ኪስ ውስጥ የሚገኝ ካርታ ሁሉ ከዚህ ቀደም ለአንድ ሰው አዲስ ነበር። ቀጣዩ ተከራይ ቸኩሎ ይዘረጋዋል። ለተማሪ ለመለማመጃ መስጠት መልካም ነው፤ በፊቱ ላይ በወፍራም ብዕር «ለበረራ አይውልም» ብላችሁ ጻፉበት። ፈተና ላይ የሚሰጡት የካርታ ቁራጮችም የቆዩ ናቸው፤ ተማሪ የፈተናውን ካርታ ከአየሩ ጋር እንዳያምታታ አስተማሪዎች ቢያሳስቡ ጥሩ ነው።

ስህተት ካያችሁ ዝም አትበሉ።

በካርታው ላይ የሌለ ማማ፣ የተቀየረ ሞገድ፣ የተዘጋ መንደርደሪያ ካገኛችሁ ለኤፍኤኤ የካርታ ክፍል አሳውቁ፤ መልእክቱን የሚቀበል ገጽ በድረ ገጹ አለ። የካርታውን ስም፣ የእትሙን ቀንና የቦታውን ኬክሮስና ኬንትሮስ ጻፉ፤ ፎቶ ካላችሁ ጨምሩ። መብራቱ የጠፋ ማማ ከሆነ ደግሞ ቀጣዩን እትም መጠበቅ የለም። ካረፋችሁ በኋላ ወዲያው ለፍላይት ሰርቪስ በስልክ ንገሩ፤ በዚያው ምሽት ለሚበረው ሰው ኖታም ሊወጣለት ይችላል።